ጠገራ ብር ላይ ቁጥር ሲኖርና ቃል ብቻ ሲኖር

ደብረ ብርሃንም ሆነ አንኮበር፣ እቤት የአያት ጠገራ ብር ካላችሁ እባካችሁ በአመድና በሎሚ አትፈትጉት!

ኤንጂሲ እና ፒሲጂኤስ የሚባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲም መርምረው በፕላስቲክ አሽገው ደረጃ ይሰጣሉ። ቁጥሩ ከ1 እስከ 70 ነው፤ ከ60 ጀምሮ ያለው በእጅ ዝውውር ያላለቀ ነው። «ኤክስኤፍ 45» ካለ ትንሽ ያለቀ ግን ጤነኛ ነው ማለት ነው።

ቁጥሩ ጠፍቶ «ኤክስኤፍ ዲቴይልስ» ካለስ? ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ቅርጹ ያን ያህል አላለቀም፣ ግን ጉዳት አለበት፤ ምክንያቱም አብሮ ይጻፋል፦ ተጠርጓል፣ ተበስቷል፣ ተበይዶበታል። የእኛ አገር ጠገራ የአንገት ጌጥ ሆኖ ስለኖረ ማንጠልጠያ የተበየደበት ብዙ ነው። ዋጋውም ቁጥር ካለው አቻው ያንሳል፣ ስለዚህ ፊደሉን ብቻ አይታችሁ አትግዙ።

ጠርዙን ይዛችሁ መብራት ስር ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሄዱ ጭረቶች ካያችሁ ተፈትጓል። ጠገራው ላይ ምስሏ ካለው የኦስትሪያ ንግሥት፣ ከማሪያ ቴሬዛ ራስ በላይ ጠርዙ ላይ የብየዳ ጠባሳም ፈልጉ። 1780 የሚለው ዓመት ግን አያታልላችሁ፤ እሷ ከሞተች በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት ሲመታ ኖሯል።