ሆዷን ያመማት ጁስ ሠሪ መቼ ወደ ሥራ ትመለስ?

ጅማ ላይ ጁስ ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ አስቡ። አቮካዶውን ለሁለት ትከፍላለች፣ በማንኪያ ታወጣለች፣ ትፈጫለች፣ ሎሚ ጨምቃ ታቀርባለች። ከእጇ እስከ ደንበኛው አፍ ድረስ መሃል ላይ እሳት የለም። ሽሮ ቢሆን ቢያንስ ይንተከተካል።

በመጀመሪያ፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት እንደጀመራት ለአሠሪዋ ነግራ ወደ ቤቷ ትሂድ። «ዕቃ ብቻ ልጠብ» አይሠራም፤ ብርጭቆውም አፍ ይነካል።

ቀጥሎ ሰዓት መቁጠር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ከታመመችበት ቀን ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ ካስቀመጣት ወይም ካስመለሳት ሰዓት ነው። ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ከነበረ፣ 48 ሰዓቱ ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ይሞላል፤ ሐሙስ ጠዋት ትገባለች። ረቡዕ እንደገና ካስቀመጣት ከዜሮ ትጀምራለች። በማቆሚያ ኪኒን ጸጥ ያለ ሆድም አይቆጠርም። የአሜሪካ የምግብ ደንብ ለተራ ተቅማጥ 24 ሰዓት ይላል፣ እንግሊዞች ደግሞ 48። እኔ 48ቱን እመርጣለሁ፤ ኖሮቫይረስ የሚባለው፣ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣው ቫይረስ፣ ሰውየው ከዳነ በኋላም ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሰገራ ጋር ሊወጣ ይችላል።

ሰዓት ቆጥሮ የማይገባባቸው በሽታዎችም አሉ። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ፣ ማለትም የወፍ በሽታ ከያዛት፣ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ሄፓታይተስ ኤ የሚባለው የጉበት በሽታ ከሆነ ቢጫው ከታየ ቢያንስ 7 ቀን ማለፍ አለበት። ደም የቀላቀለ ተቅማጥም ያለ ምርመራ አይታለፍም።

ታይፎይድ ደግሞ ለብቻው ነው። ኪኒኑን ስለጨረሰች ብቻ ነፃ አትሆንም፤ ባክቴሪያውን ሳትታመም ተሸክማ ልትቆይ ትችላለች። በየሰፈሩ የሚሠራው የደም ምርመራ፣ ዊዳል የሚሉት፣ ከዳነች በኋላም ፖዘቲቭ ሊል ስለሚችል አይፈርድም። የሚፈርደው የሰገራ ካልቸር ነው፣ ማለትም ሰገራው ውስጥ ባክቴሪያው መኖሩን ላቦራቶሪ ውስጥ አብቅሎ የሚያይ ምርመራ፤ እሱም ሕክምናው ካለቀ በኋላ በተለያየ ቀን ተደጋግሞ ንጹሕ ሲሆን።

እጇ ላይ መግል የያዘ ቁስል ካለ ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ይሸፈን፣ ጓንት ይደረግበት።

ሐሙስ ስትገባ ጥፍሯ ይቆረጥ፣ ከሽንት ቤት መልስ በሳሙና 20 ሰከንድ ትታጠብ። ሳኒታይዘር ኖሮቫይረስን እምብዛም አይነካውም።

ባለቤቱ ግን የሁለቱን ቀን ሂሳብ ከቆረጠባት ማክሰኞ ጠዋት «ደህና ነኝ» ብላ አቮካዶ ስትከፍል ያገኛታል።