አስምን በመድኃኒት እንዴት መቆጣጠር ይቻላል?

አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን የሚያስታውሰው ብዙውን ጊዜ ትንፋሽ ሲያጥረው ነው። ነገር ግን ደህና በሆነበት ቀንም ቢሆን የአየር ቧንቧዎቹ ውስጣቸው እንደተቆጣ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ መድኃኒቶችዎን ይለዩ። እንደ ሳልቡታሞል ያለው ማስታገሻ የተኮማተረውን የቧንቧ ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ ቁጣውን ግን አይነካም። ቁጣውን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ ያለው በአፍ የሚሳብ መከላከያ ነው። ውጤቱ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ስለሚወስድ ብዙዎች «አልሠራልኝም» ብለው ይተዉታል። እባክዎ አይተዉት፤ ደህና ሲሆኑም ሐኪም ባዘዘው መሠረት ይውሰዱት። የዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ (ጂና) በአውሮፓውያኑ 2019 ለአዋቂዎችና ለወጣቶች ማስታገሻ ብቻውን እንዳይታዘዝ የመከረውም ለዚሁ ነው።

ቀጥሎ አሳሳቡን ያስተካክሉ። ብዙ መድኃኒት ሳንባ ሳይደርስ ጉሮሮ ላይ የሚቀረው እዚህ በሚፈጠር ስሕተት ነው። ተጭነው የሚስቡት ዓይነት ከሆነ በደንብ ይነቅንቁት። አየር ከሳንባዎ ካስወጡ በኋላ የመሣሪያውን አፍ በከንፈርዎ ግጥም አድርገው ይያዙ። መሳብ ሲጀምሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ፤ በቀስታ፣ እስከ 5 ሰከንድ ድረስ ይሳቡ። ከዚያም ትንፋሽዎን 10 ሰከንድ ያህል ይያዙ። ሁለተኛ ከታዘዘ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ቆይተው ይድገሙት። መጫኑና መሳቡ አልገጥም ካለዎት ስፔሰር የሚባለውን ባዶ ቱቦ ይጠቀሙ፤ በተለይ ለሕፃናት ትልቅ እፎይታ ነው። ከመከላከያው በኋላ አፍዎን ተጉመጥምጠው ይትፉ፤ የአፍ ፈንገስንና የድምፅ መጎርነንን ይቀንሳል። በዱቄት መልክ የሚሳበው ግን የሚፈልገው በኃይልና በፍጥነት መሳብ ነው።

ማስታገሻውን ስንት ጊዜ እንደተጠቀሙ ይጻፉ። በሳምንት ከ2 ጊዜ በላይ ካስፈለገዎት ወይም ሳሉ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰዎት፣ አስሙ ከቁጥጥር ወጥቷል ማለት ነውና ሐኪም ያማክሩ። መጠኑን በራስዎ አይቀንሱ፤ ሐኪሞች ቅነሳን የሚያስቡት አስሙ 3 ወር ያህል ረግቶ ሲቆይ ነው።

ድንገት ቢነሳብዎ ቀና ብለው ይቀመጡ። ሳልቡታሞሉን በየ30 እስከ 60 ሰከንድ አንድ ጊዜ፣ እስከ 10 ጊዜ ድረስ ይሳቡ። ካልተሻለዎት፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት ወይም ከንፈርዎ ከጠቆረ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ። ቢያልፍልዎትም በ2 ቀን ውስጥ ሐኪም ይይዎት።