አምሪትሳርን ስትጎበኙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አምሪትሳር ደርሰው የተመለሱ ሰዎች ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ወርቅ የተለበጠ ቤተ መቅደስ አየሁ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ሙቀቱ ገደለኝ» ይልና ያበቃል። ሌላው ስለ ከተማዋ ሰዎች ማውራት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ሁለቱም ያዩት ያንኑ ከተማ ነው። አንደኛው ለማየት ብቻ ሄደ፣ ሁለተኛው እንግዳ ሆኖ ገባ። ይህች በሰሜን ህንድ፣ በፑንጃብ ግዛት ያለች የሲኮች (የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች) ቅድስት ከተማ ደግሞ እንግዳ መቀበል ታውቅበታለች። በፑንጃብ ዩኒቨርሲቲዎች የሚማሩ ልጆቻችን ብዙ ስለሆኑ፣ እነሱን ሊጠይቅ የሚሄድ ቤተሰብም ይህን ቢያነብ እወዳለሁ።

ቀን ላይ ብቻ ገብቶ መውጣት

ብዙ ሰው ከዴልሂ በጠዋት ባቡር ይመጣል። መንገዱ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ሃርማንድር ሳሂብ ወደሚባለው ወርቃማ ቤተ መቅደስ ይገባል። ይህ ከሁሉም የከፋው ሰዓት ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ እብነ በረዱም ባዶ እግርን ያቃጥላል።

ከተማዋ ውስጥ አንድ ሌሊት እደሩ። አንዴ ማታ፣ አንዴ ደግሞ ሳይነጋ ሂዱ። ማታ ቅዱስ መጽሐፋቸው ጉሩ ግራንት ሳሂብ በወርቃማ ቃሬዛ ሆኖ፣ በመዝሙር ታጅቦ እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው የሃይማኖቱ ከፍተኛ መንበር፣ ወደ አካል ታክት፣ ይሄዳል። ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም ነው። ቃሬዛውን ለመሸከም ወንዶቹ ይሻማሉ። አንዱ ትከሻውን አስገብቶ ጥቂት እርምጃ ይሄድና ለሌላው ይለቃል። ሲነጋጋ ደግሞ መጽሐፉ በተመሳሳይ ክብር ይመለሳል። ይህን ያላየ ሰው ስለ ወርቁ ብቻ ቢያወራ አይፈረድበትም።

የራስ መሸፈኛውን ችላ ማለት

ይህ በተለይ ለእኛ ወንዶች ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ኮፍያ እናወልቃለን፣ እጃችን ለምዶታል። እዚያ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ወንድም ሴትም ፀጉሩን ይሸፍናል፣ ያውም በኮፍያ ሳይሆን በጨርቅ። ጨርቅ ያልያዘ ሰው በር ላይ በነጻ ያገኛል። ሴቶች ነጠላ ይዛችሁ ከሆነ ከበቂ በላይ ነው። ጨርቁ ሲንሸራተት አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ በምልክት ቢያሳያችሁ አትቆጡ፣ ተቆጥቶ አይደለም።

ጫማና ካልሲ በነጻ ይቀመጥላችኋል። ጫማችሁን የሚቀበላችሁ ሰው በጎ ፈቃደኛ ነው። ምናልባትም ነጋዴ ወይም ሐኪም ይሆናል፣ ለአገልግሎት ብሎ የመጣ። ስለዚህ ጫማውን አትወርውሩለት፣ በእጁ ስጡት። ከዚያ በር ላይ ባለው ውሃ እግራችሁን ታጥባችሁ ትገባላችሁ። ሲጋራ ኪሳችሁ ውስጥ እንኳ አይኑር። ስትዞሩ ቤተ መቅደሱን የከበበው ቅዱሱ ገንዳ በቀኛችሁ ይሁን። ጠርዙ ላይ ተቀምጦ እግርን ውሃ ውስጥ መንከርም ነውር ነው።

ከላንጋር በይሉኝታ መቅረት

እንደ እኔ ከሁሉም የሚቆጨው ስህተት ይህ ነው። ላንጋር ለማንም ክፍት የሆነ የነጻ ማዕድ ነው፣ ቀንም ሌሊትም አይዘጋም። በተራ ቀን 50,000 ሰው ገደማ ይበላበታል፣ በበዓል ቀን ደግሞ ቁጥሩ እስከ እጥፍ ይደርሳል። የእኛ ሰው ግን «ይህ ለድሃ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ያልፋል። ላንጋር ለድሃ ብቻ የተሰራ አይደለም። ሀብታሙና ድሃው፣ ከፍተኛ የሚባለው ዘርና ዝቅተኛ የሚባለው፣ መሬት ላይ አንድ መስመር ተቀምጠው አንድ ምግብ እንዲበሉ ታስቦ የተጀመረ ነው። ሲኮች ንጉሠ ነገሥት አክባር ራሱ ሦስተኛውን ጉሩ (የሃይማኖቱን መሪ መምህር) ሊጎበኝ ሲመጣ መጀመሪያ ከሕዝቡ ጋር መሬት ተቀምጦ በላ ብለው ይተርካሉ።

አገባቡ ቀላል ነው። በር ላይ የብረት ትሪ ይሰጣችኋል። ረጅሙ ምንጣፍ ላይ እግራችሁን አጣጥፋችሁ ትቀመጣላችሁ። ባልዲ የያዘው የምስር ወጡን በጭልፋ ይጨልፋል፣ ሌላው ሩዝ ወይም በወተት የተሰራ ጣፋጭ ይጨምራል። ሮቲ የሚባለው ቂጣ ሲመጣ ከትሪው ላይ አንስታችሁ ለመውሰድ አትሞክሩ። ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ ጠብቁ፣ መዳፋችሁ ላይ ያኖሩላችኋል። ካለቀባችሁ ይጨመራል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ውሰዱ። ማስተረፍ ግን ያስነውራል።

ለጾመኞች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ላንጋር ላይ ሥጋም ዓሣም እንቁላልም የለም። ይሁንና «ሥጋ የለውም» ማለት የጾም ነው ማለት አይደለም፣ ወተትና ቅቤ ይገባበታል። ከጸሎቱ በኋላ የሚታደለው ካራ ፕራሻድም ከዱቄት፣ ከስኳርና ከቅቤ የተሰራ ነው። መቀበል የማትፈልጉ ከሆነ እጅ ነስታችሁ እለፉ፣ ማንም አያስገድዳችሁም። ተቀብሎ መጣል ነው የሚያስቀይመው።

በልታችሁ ስትወጡ የትሪዎች ጩኸት ጆሮ ይሞላል። መቶ ሰው ምናልባት በአንዴ ያጥባል። እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ ብትጠጓቸው ቦታ ይለቁላችኋል። ሽንኩርት መላጥም ትችላላችሁ። አምሪትሳርን ከወደዱት ሰዎች የምሰማው ትዝታ በብዛት ከዚህ ቦታ የሚነሳ ነው፤ ከማያውቋት እናት ጎን ተቀምጠው፣ ቋንቋ ሳይግባቡ፣ ነጭ ሽንኩርት የላጡ።

ያዩትን ሳይረዱ ፎቶ ማንሳት

ከመሄዳችሁ በፊት ትንሽ አንብቡ። ከተማዋን የመሠረተው አራተኛው ጉሩ ራም ዳስ ነው። ቤተ መቅደሱን ያሠራው አምስተኛው ጉሩ አርጃን ሲሆን፣ መጽሐፉን እዚያ ያኖረው እ.ኤ.አ. በ1604 ነው። ወርቁ የመጣው ብዙ ቆይቶ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በንጉሥ ራንጂት ሲንግ ዘመን ነው። በአራት አቅጣጫ ያሉት አራት በሮች ከየትም የመጣ ሰው ይግባ ማለት ናቸው። ውስጥ ጣዖት የለም። መጽሐፉን ራሱን እንደ ሕያው መምህር ነው የሚያከብሩት። ስለዚህ እግራችሁን ወደ እሱ ዘርግታችሁ አትቀመጡ። በገንዳው ዙሪያ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፣ ከውስጥ ግን ክልክል ነው።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1984 የህንድ ጦር እዚህ ግቢ ገብቶ ብዙ ሰው ሞቷል፣ አካል ታክትም ክፉኛ ፈርሷል። ቁስሉ ዛሬም አልሻረም። ከሻይ ጋር የሚነሳ ጨዋታ አታድርጉት። ሰውየው ራሱ ካነሳው አዳምጡ።

ጃሊያንዋላ ባግን እንደ መናፈሻ ማየት

ከቤተ መቅደሱ ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው። አትክልቱ ያማረ ስለሆነ ሰው ሰልፊ ይነሳበታል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 1919፣ በቫይሳኪ በዓል ዕለት፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ዳየር ወታደሮቹን አስገብቶ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ መውጫ ባጣ ሕዝብ ላይ አስተኮሰ። 1,650 ጥይት ተተኮሰ። እንግሊዞች የሞተው 379 ነው አሉ፣ የህንድ ኮንግረስ ወደ 1,000 አደረሰው። የጥይቱ ምልክት ግድግዳው ላይ አለ። ሰዎች ከጥይቱ ለማምለጥ ዘለው የገቡበት የውሃ ጉድጓድም አለ። የየካቲት 12ን ታሪክ እየሰማን ላደግን ሰዎች ይህ ቦታ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ከዚያ ወጥታችሁ በአሮጌው ማዘጋጃ ቤት ያለውን የክፍፍል ሙዚየም እዩ። እ.ኤ.አ. በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ፑንጃብ ለሁለት መቆረጧን እዚያ ትረዳላችሁ።

አታሪ ድንበር ዘግይቶና ሻንጣ ይዞ መሄድ

ከፓኪስታን ጋር የሚያዋስነው ይህ ድንበር ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሰንደቅ ዓላማ የማውረዱ ሥነ ሥርዓት ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ነው። ቀደም ብላችሁ ካልደረሳችሁ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው። ፓስፖርት ያዙ፣ ቦርሳ ግን ሆቴል ተዉ፣ አያስገቡም። እ.ኤ.አ. በ2025 በሁለቱ አገሮች መካከል ከተፈጠረው ግጭት በኋላ ሥነ ሥርዓቱ ለጊዜው ለሕዝብ ተዘግቶ፣ ኋላም በሩ ሳይከፈትና ወታደሮቹ ሳይጨባበጡ ቀጥሏል። ከመነሳታችሁ በፊት የዕለቱን ሁኔታ ሆቴላችሁን ጠይቁ።

ወቅቱን አለማየት

በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ደግሞ ጉም ባቡርና አውሮፕላን ያዘገያል፣ ስለዚህ የዴልሂ በረራችሁን በዚያው ቀን አትያዙ። የካቲት፣ መጋቢት፣ ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ። ትርፍ ቀን ካላችሁ ሌላ የሲኮች ቤተ መቅደስ ወዳለባት ወደ ታርን ታራን ሂዱ። ቤተ መቅደሱ ትልቅ ገንዳ አለው፣ ሰልፍ ግን እንደ አምሪትሳር አያስቸግርም።