ድሬዳዋ ላይ ግቢያችሁን ለወፍና ለንብ ስታመቻቹ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የድሬ ሙቀት የሚያንገላታው ሰውን ብቻ አይደለም። ግንቦት ላይ ቀትር ሲሆን ወፉ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ንቡ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ላይ ይረባረባል። በዚህ ሰዓት ግቢው ውስጥ ውሃ ያስቀመጠ ሰው ነፍስ ነው የሚያድነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ውሃውን ሞልቶ መርሳት። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 የቺኩንጉንያ ትኩሳት፣ በ2014 ደግሞ ወባ ከተማችንን አስጨንቀዋታል። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው ቢንቢ ናት፤ የምትነክሰውም ቀን ነው። ከ2014ቱ ወባ ጋር ስሟ የተነሳው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ቢንቢ ደግሞ ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። በእኛ ሙቀት የቢንቢ እንቁላል በሳምንት ገደማ ውስጥ አድጎ ይበራል።

ስለዚህ የወፎቹን ውሃ በየቀኑ ቀይሩ፣ ቢበዛ በየሁለት ቀኑ። መድፋት ብቻውን ግን አይበቃም። ኤደስ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ትንሽ ከፍ ብላ፣ የዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆም ለወራት ሳይሞት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ጠርዙን በብሩሽ ፈትጉት። የተደፋው ውሃ ሎሚው ወይም ዘይቱኑ ሥር ይግባ፣ አይባክንም።

ጥልቅ ዕቃ መጠቀም። ሁለት ጣት ጥልቀት ያለው የሸክላ ሳህን በቂ ነው። መሃሉ ላይ ከውሃው ብቅ የሚል ድንጋይ አድርጉ፤ ንብ እሱ ላይ ቆማ ትጠጣለች፣ አለዚያ ትሰምጣለች። በርሜሉን ደግሞ ክደኑት።

የወፍ ቆሎን አጥር ማድረግ። አበባው ያምራል፣ ቢራቢሮም ይወደዋል፣ እውነት ነው። ግን ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን ሜዳው ላይ ይበትኑታል። ከዚያ ሣሩን አጥፍቶ ቦታውን ይይዛል፣ ቅጠሉን የበላ ከብትም ይመረዛል። በሱ ፈንታ እሬት ትከሉ። ውሃ አይጠይቅም፤ ሲያብብ ደግሞ ምንቃሯ ቀጠን ብሎ የታጠፈው ትንሿ ወፍ አበባው ላይ ተንጠልጥላ ማር ስትስብ ታያላችሁ።

እስስትና የግድግዳ እንሽላሊት መግደል። «መርዝ አላት» እየተባለ ስንቷ እስስት በድንጋይ ተቀጥቅጣለች! የሁለቱም ንክሻ መርዝ የለውም። ማታ በረንዳው አምፖል አጠገብ ያለችውን እንሽላሊት ልብ ብላችሁ እዩዋት። ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ድርቅ ትላለች፣ የእሳት ራት ጠጋ ሲል ግን በአንድ ዝላይ ዋጥ ታደርገዋለች። ልጆቻችሁን ጠርታችሁ አሳዩአቸው። ያየ ልጅ ድንጋይ አያነሳም።

መርዝ ማብዛት። አበባ ላይ የተነፋ የነፍሳት መርዝ ንቡንም ይገድለዋል። ግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ፣ አበባ የሌለበትን ብቻ ርጩ። የአይጥ መርዝም እንደዚያው ነው፤ የተመረዘችውን አይጥ የበላ ጉጉት አብሯት ሊሞት ይችላል። ወጥመድ ይሻላል።

ሳያዩ ዛፍ መከርከም። በተለይ ዝናብ በጣለ ሰሞን ቅርንጫፉን በደንብ ሳትፈትሹ መጋዝ አታንሱ። ጎጆ ካገኛችሁ ያቺን ቅርንጫፍ ለአንድ ወር ያህል ተዉአት፤ ጫጩቶቹ እስከዚያ ይበራሉ። መብራት ሽቦ የነካ ቅርንጫፍ ካለ ግን ራሳችሁ አትድረሱበት፣ ለመብራት ኃይል ደውሉ።