ረጅም የቡድን የብስክሌት ጉዞን የሚያበላሹ ስህተቶች

ሰው ሁሉ የሚፈራው ዳገቱን ነው። ቀኑን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሜዳው ላይ፣ ያውም ገና በጠዋቱ የሚሠራ ስህተት ነው።

አንደኛው ሲነሱ መብረር ነው። ማንም አልደከመም፣ ሁሉም ይሳሳቃል፣ ወደኋላ መቅረት የሚፈልግ የለም። አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ሳታለከልኩ ማውራት ካቃታችሁ ግን ፍጥነቱ በዝቷል። ከሰዓት በኋላ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝ፣ የመምራት ተራ ሲደርስ ፍጥነት መጨመር ነው። በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የነበረውን ቡድን ድንገት 32 ያስገቡታል፣ መቼስ ጎበዝ ለመባል ይመስለኛል። በቡድን የመንዳት ትልቁ ጥቅም ፊተኛው ነፋሱን መስበሩ ነው፤ ሜዳ ላይ ተጠግቶ የሚከተል ሰው የጉልበቱን ሲሶ ገደማ ሊቆጥብ ይችላል። ክፍተት ሲፈጠር ግን ይሄ ሁሉ ይቀርና የኋለኞቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከነፋስ ጋር ሲታገሉ ይውላሉ። ስለዚህ የነበረውን ፍጥነት ያዙ። ከደከማችሁ የምትመሩበትን ጊዜ አሳጥሩት፣ አንድ ደቂቃ መርቶ ወደኋላ መሄድ ነውር የለውም።

የፊት ጎማችሁን ከፊታችሁ ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን አታስገቡ። እሱ ጉድጓድ ሊሸሽ ትንሽ ዞር ካለ ጎማችሁን ይመታዋል፣ የምትወድቁትም እናንተ ናችሁ። ድንገት ፍሬን መያዝ አደገኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከመቀመጫ ብድግ ማለት ግን ይረሳል፦ ስትነሱ መርገጣችሁን ለቅጽበት ካላላችሁ ብስክሌቱ ከኋላችሁ ያለው ላይ ይመጣበታል። እየረገጣችሁ ተነሱ።

«ሲርበኝ እበላለሁ» የሚል ሰው ሲርበው አልፎበታል። ለረጅም ጉዞ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ገደማ ይዟል። ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ብሉ። በሙቀት ቀን ውሃ ብቻ አትጋቱ፣ በላብ የሚወጣው ጨውም መተካት አለበት።

እረፍት ማብዛትም አለ። ብሬቬ በሚባለው የ200 ኪሎ ሜትር ጉዞ የተፈቀደው ጊዜ 13 ሰዓት ተኩል ነው፣ የቆማችሁበትም ይቆጠራል። «አምስት ደቂቃ ብቻ» ተብሎ ይቆማል፣ አንዱ ስልክ ላይ ነው፣ ሌላው ቡድኑ ሊነሳ ሲል ኮዳውን ሊሞላ ይሄዳል፣ ግማሽ ሰዓት አለቀ።

አዲስ ጫማ ወይም አዲስ መቀመጫ በዚህ ቀን አይሞከርም። ስፖንጅ ካለው የብስክሌት ቁምጣ ሥር ፓንት አይለበስም፣ ስፌቱ ይልጣችኋል።

በመጨረሻ፣ ሰው ይዟል ብላችሁ ያለ ትርፍ ከመነዳሪ አትውጡ፣ የሌላው ልክ ከእናንተ ጎማ ጋር ላይገጥም ይችላል። ጎማ ሲፈነዳ ደግሞ አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የበሳውን ነገር ፈልጉ፤ እሾኹ እዚያው ካለ ሁለተኛውንም ይበሳዋል፣ ያኔ ቡድኑ ሁሉ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል።