የአልዛስን የወይን መንገድ በካራቫን እንዴት መዞር ይቻላል? (ወይኑን ከኋላ አትጫኑ)

የአልዛስ የወይን መንገድ በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በቮዥ ተራሮች ግርጌ ከማርለንሃይም እስከ ታን 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። በመኪና አንድ ቀን ይበቃዋል። ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤት) ከጎተታችሁ ግን ሳምንት ስጡት፤ አለዚያ ትርፉ ድካም ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን እዩ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በተራ የቢ መንጃ ፈቃድ ከ750 ኪሎ የሚበልጥ ካራቫን ስትጎትቱ፣ የመኪናውና የካራቫኑ የተፈቀደ ከፍተኛ ክብደት ተደምሮ ከ3,500 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ለጀማሪ ደግሞ ካራቫኑ ከነጭነቱ ከባዶው መኪና ክብደት 85 በመቶ ባያልፍ ይመረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፦ አጫጫን።

በመጀመሪያው ጉዟችን ስድስት ካርቶን ወይን ገዝተን ከኋላ አልጋ ሥር ከተትነው። ቦታው ባዶ ነበር፣ ልክክ ብሎ ገባ። አሥራ ሁለት ጠርሙስ የያዘ ካርቶን 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሳናስበው ጭራው ላይ 90 ኪሎ ጭነናል ማለት ነው። በማግስቱ ቁልቁለት ላይ አንድ የጭነት መኪና ሲያልፈን ካራቫኑ ግራ ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር። በስፖኪዮ ሳይ አንዴ የግራ ግድግዳው፣ አንዴ የቀኙ ብቅ ይላል። በድንጋጤ መሪውን ወዲያና ወዲህ ስታገል ባሰበት። ባለቤቴ «እግርህን አንሳ!» ብላ ጮኸች። ነዳጁን ለቀቅኩ፤ ቀስ እያለ ተረጋጋ።

ልክ ነበረች። ካራቫን ሲወዛወዝ ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍሬን በድንገት አትርገጡ። ፍጥነት ጨምሬ አስተካክለዋለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ከአክስሉ (ጎማዎቹ ከተገጠሙበት ዘንግ) ኋላ የተጫነ ዕቃ የካራቫኑን አፍንጫ፣ ማለትም ከመኪናው ጋር የሚያያዘውን ጫፍ፣ ከመኪናው ላይ ያቀለዋል፤ ጭራው ደግሞ አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ ክብደቱ እያገዘው ይሄዳል። ስለዚህ ከባድ ዕቃ ሁሉ ወለል ላይ፣ አክስሉ አናት ላይ ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ ይቀመጥ። ልብስና ብርድ ልብስ የትም ቢሆን ግድ የለም።

ከዚያ አፍንጫው መኪናው ላይ የሚያሳርፈውን ክብደት ለኩ። ውድ መለኪያ አትግዙ፤ ቤት ያለው የሰው ሚዛን ይበቃል። ደልዳላ ቦታ ላይ የእጅ ፍሬኑን ያዙና ጎማዎቹን ታኮ አድርጉባቸው። በሚዛኑና በማያያዣው መካከል እንጨት አቁሙ፤ እንጨቱ አፍንጫው ሲጎተት በሚኖረው ከፍታ ልክ የተቆረጠ ይሁን። የፊቷን ትንሽ ጎማ ቀስ ብላችሁ አንሱና ሚዛኑን አንብቡ። ካራቫኑ ከነጭነቱ ከሚመዝነው ከ5 እስከ 7 በመቶ ከሆነ ጥሩ ነው። ለ1,200 ኪሎ ካራቫን ከ60 እስከ 84 ኪሎ መሆኑ ነው። መኪናውና ማያያዣው የሚፈቅዱትን ገደብ ግን እንዳያልፍ። ወይን በገዛችሁ ቁጥር እንደገና ለኩ። ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። መወዛወዝ የሚቀንስ ማያያዣ የሚሸጡ ሰዎች ይህን ሁሉ የሚያስቀር ያስመስሉታል። ዕቃው ጥሩ ነው፤ የተበላሸ አጫጫንን ግን አያርምም፣ ይደብቀዋል እንጂ።

ማያያዙ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ማያያዣው ቀጭ ይበል፣ የአደጋ ፍሬኑ ገመድ (ካራቫኑ ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚስበው) ይታሰር፣ መብራትና ፍሬቻ ይሞከር፣ ጋዙ ይዘጋ።

ካምፕ ስትደርሱ ዝቅ ያለውን ጎማ መወጣጫ ላይ አውጡና ግራና ቀኙን አስተካክሉ። ከመኪናው የምትፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። ፊትና ኋላውን በትንሿ ጎማ ታስተካክላላችሁ። አራቱ የማዕዘን እግሮች መጨረሻ ይወርዳሉ። እግሮቹ ክሪክ አይደሉም፤ ካራቫን አንሱባቸውና ሲጣመሙ ታያላችሁ።

ወደ መንደሮቹ ካራቫኑን ይዛችሁ አትግቡ። የኤጊስሃይም መንገዶች ጠባብ ናቸው፣ ያውም ክብ ክብ እየሠሩ ይዞራሉ። በወይን ለቀማ ወቅት ትራክተር ይጨመርበታል። ብስክሌት ይሻላል። ቅምሻ ላይ መትፋት ነውር አይደለም፤ ዕቃው ለዚሁ ተቀምጧል። የፈረንሳይ ሕግ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል የተገኘበትን አሽከርካሪ ይቀጣል፤ ለአዲስ አሽከርካሪ ገደቡ 0.2 ነው። ማን እንደሚነዳ ጠዋት ተስማሙ፣ ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ አይሆንም።

ምግቡ? ቤከኦፈን አትለፉት። ሦስት ዓይነት ሥጋ በነጭ ወይን ተዘፍዝፎ ያድርና ከድንች ጋር በሸክላ ድስት ይበስላል፤ ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥ ይታሸጋል። ፍላምኩሽ ደግሞ በስሱ የተዳመጠ ሊጥ ላይ ክሬም፣ ሽንኩርትና የአሳማ ሥጋ ያለበት ነው። አሳማ የማትበሉ ሥጋው እንዲቀር ንገሯቸው።

ምሳ በሰዓቱ ነው፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት። እኛ 8 ሰዓት ተኩል ደርሰን ወጥ ቤቱ ተዘግቶ ጠበቀን። ዳቦና ሙንስተር አይብ ገዝተን ካራቫኑ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። አይቡ ላይ ከሙን ነስነስ አድርገን ገቭርትስትራሚነር ከሚባለው ነጭ ወይን ጋር በላነው። የጉዞው ምርጥ ምሳ ያ ነበር።

የተረፈውን አይብ በወረቀት ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ፀሐይ ላይ የተዘጋ ካራቫን ትተን ኮልማር ዋልን። ማታ በሩን ስከፍት ባለቤቴ ከአምስት እርምጃ ርቀት «ምን ሞቶ ነው?» አለች። ሙንስተር ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ተከድኖ ፍሪጅ ይገባል። ወይንም ያን ሙቀት አይችልም፤ ግዢውን ለመጨረሻው ቀን አቆዩት። መጋረጃዎቹን ሁለቴ አጥበናቸዋል።