ለሆቴል የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ዘበኛውን ጠይቁ

አዳማ ውስጥ ባለ 42 ክፍል ሆቴል የጥገና ኃላፊ ነኝ። የሆቴሉን ባለቤት ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀን አዲስ አበባ ውለው መጡና «ያንን ፈጣኑን ቻርጀር እናስገባ፤ ባለ 60 ኪሎዋቱን» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል። እርስዎ የሚሉት እኮ 17 ምጣድ ባንዴ መጣድ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ። ግን ገባቸው።

ነገሩ ያስቸገረን በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ በኋላ ነው። ለስልጠና የሚመጣው እንግዳ ገና ቁልፍ ሳይቀበል «ቻርጅ አለ?» ይላል። አንዱ እንዲያውም ከምድር ቤት ክፍሉ በመስኮት ዲቫይደር ዘርግቶ ሲሰካ አደረ። ጠዋት ዲቫይደሩ ቀልጦ አገኘነው። እሳት አለመነሳቱ ተመስገን ነው።

ከመግዛታችን በፊት ለዘበኛችን ደብተር ሰጠሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ የኤሌክትሪክ መኪና በገባ ቁጥር ዓይነቱን፣ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት፣ የመሰኪያውን ቅርጽ ጻፈ። አብዛኛው ማታ 1 ሰዓት አካባቢ ገብቶ ከቁርስ በኋላ ነው የሚወጣው። ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆም መኪና ፈጣን ቻርጀር ምን ያደርግለታል? ፈጣኑ ቡና ጠጥቶ ወደ ድሬዳዋ ለሚያልፍ መንገደኛ ነው። ለሚያድር እንግዳ ባለ 7 ኪሎዋቱ ይበቃል። በሰባት ሰዓት ውስጥ 49 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ይሄ ለብዙ መኪና ከግማሽ ባትሪ በላይ ነው።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ከአዲስ አበባ ወደ እኛ ቁልቁል ነው፤ መመለሻው ደግሞ ዳገት። ልዩነቱ ወደ 700 ሜትር ይጠጋል። ሲመጣ ባትሪው ብዙም ያልቀነሰለት እንግዳ ሲመለስ እንደዚያው የሚሆን ይመስለዋል። አይሆንም። ስለዚህ «ይበቃኛል» ቢልም ሰክቶ እንዲያድር እንመክረዋለን።

ሁለተኛው ሥራ የራሳችሁን መስመር ማወቅ ነው። እኔ ክላምፕ ሜትር (በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን አምፔር የሚለካ መሣሪያ) ይዤ ለአንድ ሳምንት ዋናውን መስመር ለካሁ። መስመራችን ሦስት ፌዝ ነው፤ ማለትም ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች አሉት። ዋናው ብሬከራችን በእያንዳንዱ ፌዝ 160 አምፔር ነው። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ቦይለሩም ማዕድ ቤቱም ላውንደሪውም ሲሠራ፣ 120 ይደርሳል። ከ5 ሰዓት በኋላ ወደ 40 ይወርዳል። አንድ ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር 32 አምፔር ይፈልጋል። እና ሦስት ቻርጀር ገዛን፣ በእያንዳንዱ ፌዝ አንድ። የሚጀምሩትም ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ቻርጀሩ ራሱ መነሻ ሰዓት የሚሞላበት ታይመር አለው። አራተኛውን ጋሼ አሁንም ይፈልጉታል። እኔ «ትራንስፎርመሩ ይታይ» እያልኩ ነው።

መሰኪያው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከቻይና በቀጥታ የሚገቡት መኪኖች ጂቢቲ የሚባለውን ይጠቀማሉ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ደግሞ ታይፕ 2 ናቸው። ሁለቱም ሰባት ቀዳዳ አላቸው፣ መልካቸውም ይመሳሰላል፤ ግን አንዱ ለሌላው አይሆንም። በዘበኛው ደብተር ጂቢቲው ስለበዛ ሁለት ጂቢቲ፣ አንድ ታይፕ 2 ወሰድን። ርካሽ አስማሚ ገዝቶ መገላገል ይቻላል የሚሏችሁን አትስሙ። በ32 አምፔር ሌሊቱን ሙሉ የሚግል ነገር በርካሽ አይገዛም።

የገመዱን ርዝመትም ለኩ። የባይዋይዲ ዩዋን ፕላስ መሰኪያ ከፊት በኩል ነው፣ የቮልስዋገን አይዲ 4 ከኋላ። 5 ሜትር ገመድ ለአንዱ ይደርሳል፣ ለሌላው አይደርስም። 7 ሜትር ውሰዱ።

ስለ ዝርጋታው ለኤሌክትሪሻናችሁ ይህን ንገሩት፦ ለእያንዳንዱ ቻርጀር የራሱ ብሬከርና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚያጠፋ መከላከያ ይኑረው። የእኛ ፓርኪንግ ከቦርዱ 35 ሜትር ስለሚርቅ 10 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ኬብል ነው ያስገባሁት። ኧርዙን (ወደ መሬት የሚወርደውን መስመር) ደግሞ በመሣሪያ አስለኩ። የመጀመሪያው ቻርጀራችን ሁለት ቀን ቀይ መብራት እያበራ እምቢ አለ። ሻጩን ስሳደብ ሰነበትኩ። ለካ የላላው የራሴ የኧርዝ ብሎን ነው! ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት።

መብራት ሲጠፋስ? ቻርጀሮቹ ጀነሬተር ላይ እንዳይሆኑ ከቼንጅ ኦቨሩ (ከመብራት ወደ ጀነሬተር ከሚያዞረው ማብሪያ) በፊት ለዩአቸው፣ አለበለዚያ ናፍጣችሁን ነው ለመኪና የምትሞሉት። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ሻጩ ፊት ብሬከሩን አጥፍታችሁ መልሳችሁ አብሩ። ራሱ መቀጠል አለበት። መጀመሪያ የሞከርነው በስልክ አፕ ብቻ የሚሠራ ነበር። ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደ ቆመ ቀረ። እንግዳው ጠዋት 34 ፐርሰንት አገኘና ሪሴፕሽን ላይ የጮኸውን ጩኸት እስከ ማዕድ ቤት ሰማሁት። መልሰን በካርድ የሚነሳውን ወሰድን። ካርዶቹ ሪሴፕሽን ናቸው።

ቦታው? ጥላ ያለበት፣ ጎርፍ የማይደርስበት፣ ከመግቢያው ራቅ ያለ። በር ላይ ካደረጋችሁት የነዳጅ መኪና ይቆምበታል። እኛ ጓሮ አደረግነው። ዘበኛችን አሁን ደብተሩን አልተወም፤ ማታ እየዞረ የእያንዳንዱን መኪና ፐርሰንት ይጽፋል፣ ጠዋት ለባለቤቱ በኩራት ያነብለታል።